ሰኞ ማታ በኮሎምበስ፦ ጃዝን ያቆየው ቋሚ ምሽት

ሳምንታዊ የጃዝ ምሽት ቀኑና ሰዓቱ የማይለዋወጥ የቀጥታ ሙዚቃ ዝግጅት ነው። ለየምሽቱ የተለየ ማስታወቂያ አይለጠፍለትም፤ ስመ ጥር እንግዳም ላይኖረው ይችላል። ታዳሚው የሚመጣው ቀኑ ስለ ደረሰ ብቻ ነው፤ የወሩ ማኅበር ወይም የዕቁቡ ቀን ሲደርስ ማንም ሳይጠራው ተነሥቶ እንደሚሄድ ሰው። የኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ የሆነችው ኮሎምበስ ከ900 ሺህ በላይ ሕዝብ የሚኖርባት፣ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎችም በብዛት የሰፈሩባት የአሜሪካ ከተማ ናት። ጃዝ ሲነሣ ስሟ እንደ ኒው ኦርሊንስ ወይም እንደ ኒው ዮርክ ቶሎ አይጠራም። ይሁን እንጂ ዓለም የሚያውቃቸውን በርካታ የጃዝ ሰዎች አፍርታለች፤ ከትልልቅ ኮንሰርቶች ይልቅ እነዚህን ሰዎች ያሳደጓቸው ሳምንት ጠብቀው የሚመላለሱ ምሽቶች ናቸው።

ከከተማዋ ቋሚ ምሽቶች መካከል አንጋፋ ከሚባሉት አንዱ የሚውለው ሰኞ ነው። ከመሃል ከተማ በሃይ ስትሪት ወደ ሰሜን ሲኬድ ክሊንተንቪል የሚባል ጸጥ ያለ የመኖሪያ ሰፈር አለ። በዚያ ሰፈር የሴቶች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ በትሮምቦን ተጫዋቹ ቮን ዊስተር የሚመራው ፌመስ ጃዝ ኦርኬስትራ ሰኞ ማታ መጫወትን ልማዱ አድርጎ ቆይቷል። ኦርኬስትራው የተመሠረተው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ አዳራሽ ቢቀይርም ቀኑን አልቀየረም። ዊስተር በወጣትነቱ በታዋቂው በዉዲ ኸርማን ባንድ ውስጥ የተጫወተ፣ በኮሎምበስ በሚገኘው በካፒታል ዩኒቨርሲቲም ያስተማረ ሰው ነው። መምህርነቱ ምሽቱንም ቅርጽ ሰጥቶታል፤ ከሙዚቃው በፊት ስለሚጫወቷቸው ሥራዎችና ስለ አቀናባሪዎቻቸው ገለጻ ይደረጋል። ከዚያ ሳክስፎኖቹ ከፊት፣ ትሮምቦኖቹ ከኋላቸው፣ ትራምፔቶቹ ከሁሉም ኋላ ተደርድረው ይጀምራሉ። ይህን ያህል ነፋሽ ያለበትን ባንድ በድምፅ ማጉያ ሳይሆን በቅርብ ተቀምጦ የሰማ ሰው ልዩነቱን በጆሮው ብቻ አያውቀውም፤ ደረቱም ይነዝረዋል።

ሰኞ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓርብና ቅዳሜ ሙዚቀኛው እንጀራውን የሚያገኝባቸው ቀናት ናቸው። ሠርግ አለ፣ ሆቴል አለ፣ ጭፈራ ቤት አለ፤ በነዚህ ቦታዎች የሚጫወተው የታዘዘውን ነው። ሰኞ ግን ቲያትር ቤቶችና ጭፈራ ቤቶች የሚያርፉበት ቀን ነበር፤ ስለዚህ ሙዚቀኛው ለራሱ ጆሮ የሚጫወትበት ቀን ሆነ። ዘመናዊ ጃዝ የሚባለው ስልት ራሱ ከዚህ የዕረፍት ቀን ጋር የተቆራኘ ታሪክ አለው። በኒው ዮርክ ሃርለም፣ በ118ኛው ጎዳና ላይ፣ ሄንሪ ሚንተን የተባለ ሰው በ1938 ሚንተንስ ፕሌይሃውስ የሚባል ቤት ከፈተ። ከ1940 መጨረሻ ጀምሮ ቤቱን ያስተዳደረው የባንድ መሪ የነበረው ቴዲ ሂል፣ በአፖሎ ቲያትር ለሚሠሩ ሙዚቀኞች ሰኞ ማታ ነጻ እራት ያዘጋጅ ነበር። በልተው ሲያበቁ መሣሪያቸውን አውጥተው አብረው ይጫወታሉ። የሙዚቀኞች ማኅበር ያለ ክፍያ የሚጫወት አባሉን ይቀጣ ነበር፤ ሚንተን ግን ራሱ በማኅበሩ ውስጥ ተሰሚነት ያለው ሰው ስለነበር በእርሱ ቤት የሚጫወተውን የሚነካ አልነበረም። ድራሙን ኬኒ ክላርክ፣ ፒያኖውን ቴሎኒየስ መንክ ይዘው፣ ጊታሪስቱ ቻርሊ ክርስቲያንና ትራምፔት ነፊው ዲዚ ጊለስፒ እየመጡ ሌሊቱን ሙሉ ሲፋለሙ ቢቦፕ የተባለው አዲስ አጨዋወት መልክ ያዘ። በዚያው በኒው ዮርክ፣ ቪሌጅ ቫንጋርድ በተባለው ምድር ቤት፣ ታድ ጆንስና ሜል ሉዊስ በየካቲት 1966 የጀመሩት የሰኞ ማታ ኦርኬስትራም ስሙን ለውጦ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። የኮሎምበሱ ሰኞ የነዚህ ሰኞዎች ዘመድ ነው።

ዘመናዊ ጃዝ ከቀደመው ጃዝ የሚለየው በመጀመሪያ በአድማጩ አቀማመጥ ነው። በ1930ዎቹ የነበረው ስዊንግ የጭፈራ ሙዚቃ ነበር፤ አሥራ አምስት ያህል ሰው ያለው ባንድ ለሺህ ጨፋሪ ይጫወታል። ዘመናዊው ግን አራት ወይም አምስት ሰዎች ተቀምጦ ለሚሰማ ሰው የሚጫወቱት ነው። ለውጡን ያመጣው የሙዚቀኞቹ ምኞት ብቻ አልነበረም፤ ግብርም ገብቶበታል። የአሜሪካ መንግሥት በጦርነቱ መካከል፣ በ1944፣ ጭፈራ ወይም ዘፈን ያለባቸውን መጠጥ ቤቶች ከገቢያቸው 30 በመቶ እንዲከፍሉ አዘዘ፤ ወዲያው ወደ 20 በመቶ ዝቅ ቢልም ቀንበሩ ለብዙ ዓመታት ቆየ። ጭፈራም ዘፋኝም የሌለበት፣ መሣሪያ ብቻ የሚሰማበት ቤት ግን ከግብሩ ነጻ ነበር። የቤቱ ባለቤት የጭፈራውን ወለል በጠረጴዛ ሞላው፣ ዘፋኙን አሰናበተ፣ ጥቂት ሙዚቀኞች ቀጠረ። እነዚህ ጥቂት ሙዚቀኞች ደግሞ ማንም እግሩን ስለማያነሣላቸው እንደ ልባቸው መፍጠን፣ መቆም፣ ምቱን መሰባበር ቻሉ።

አጨዋወቱን ለመከተል የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልግም፤ ሥርዓቱን ማወቅ ይበቃል። አንድ ዜማ በአብዛኛው 32 ባር አለው፤ ባር የሚባለው አራት ምት የያዘ መለኪያ ነው። ብሉዝ ከሆነ 12 ባር ነው። መጀመሪያ ነፋሾቹ ዜማውን እንዳለ ይጫወቱታል። ከዚያ ዜማው ከላይ ይነሣና ከሥሩ ያለው የድምፆች ቅደም ተከተል ብቻ ይቀራል፤ ያ ቅደም ተከተል እየተደጋገመ ሲዞር እያንዳንዱ ተጫዋች በተራው በላዩ ላይ አዲስ ዜማ እዚያው ይፈጥራል። ሶሎ የሚባለው ይህ ነው። ኮንትራባሱ መንገዱን ይነድፋል፣ ድራሙ ጊዜ ይጠብቃል፣ ፒያኖው እየጣለ እያነሣ ያጅባል። ወደ መጨረሻው ላይ አራት አራት ባር እየተቀባበሉ ከድራም ተጫዋቹ ጋር ይመላለሳሉ። በአዝማሪ ቤት ያደገ ጆሮ ይህንን ለመረዳት አይቸገርም። አዝማሪው «ተቀበል» ሲባል ግጥሙን ከአፍ ነጥቆ በዚያው ምትና በዚያው ቅኝት እንደሚመልሰው ሁሉ፣ የጃዝ ተጫዋችም የጓደኛውን የመጨረሻ ሐረግ ይዞ ነው የሚነሣው። በመጨረሻ ዜማው ይመለሳል፤ ሁሉም አንድ ላይ ይዘጋሉ።

ኮሎምበስ ይህ ሙዚቃ የገባባት በምሥራቃዊ ሰፈሯ በኩል ነው። በኢስት ሎንግ ስትሪትና በማውንት ቨርነን ጎዳና አካባቢ የጥቁር አሜሪካውያን ሱቆች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ ሆቴሎችና ሙዚቃ ቤቶች ተደራርበው ይኖሩ ነበር፤ ሰፈሩ ብሮንዝቪል ይባል ነበር። ፒቲያን ቲያትር የተሠራው ሳሙኤል ፕላቶ በተባለ ጥቁር አርክቴክት ንድፍ በ1920ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1929 በምስጋና ቀን ኦግደን በሚል ስም የተከፈተውና ኋላ ሊንከን የተባለው ቲያትር ደግሞ ውስጡ በጥንታዊ ግብፅ አምሳል ያጌጠ ነው። ነጮች በሚያስተዳድሯቸው ሆቴሎች ማደር የማይፈቀድላቸው ሙዚቀኞች በሜከን ሆቴልና በሴንት ክሌር ሆቴል ያርፉ ነበር። ታዲያ የተከለከለው እንግዳ የሚያርፍበት ሆቴል ለሰፈሩ ልጆች ትምህርት ቤት ሆነ። ታላቁ ሙዚቀኛ ከመድረክ ወርዶ የሚበላውም፣ የሚተኛውም፣ ሌሊት የሚጫወተውም እነርሱ መካከል ነበር።

ከዚያ ትውልድ መካከል በዓለም ታዋቂ የሆነው ትራምፔት ነፊው ሃሪ ኤዲሰን በ1915 ኮሎምበስ ተወለደ። ካውንት ቤዚ ኦርኬስትራ ውስጥ ገብቶ ከ1930ዎቹ መጨረሻ እስከ 1950 ቆየ፤ በድምፁ ጣፋጭነት የኦርኬስትራው ሳክስፎኒስት ሌስተር ያንግ «ስዊትስ» የሚል ስም አወጣለት። በኋላ በፍራንክ ሲናትራ ቅጂዎች ላይ ከዘፋኙ ድምፅ ጀርባ ጣል ጣል የሚሉትን አጫጭር የትራምፔት ሐረጎች የተጫወተው እርሱ ነው። ዕድሜው ሲገፋ ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ በ1999 እዚያው አረፈ። ልጅ ሳለ የተጫወተው በከተማዋ በነበረው በኧርል ሁድ ባንድ ውስጥ ነው። የጥቁሮቹ የሁድ ባንድ ደግሞ ለዓመታት ለነጭ ጨፋሪዎች የተጫወተበት ቤት ቫሊ ዴል ነው።

ቫሊ ዴል እዚህ የሚነሣው ከከተማ ወጣ ያለ የሙዚቃ ቤት እንዴት እንደሚኖር ስለሚያሳይ ነው። በአለም ክሪክ ወንዝ አጠገብ፣ በሰንበሪ መንገድ ላይ፣ በጊዜው ከከተማው ጫፍ ባሻገር የተሠራ የጭፈራ አዳራሽ ነበር፤ ዛሬ ከተማው ውጦታል። ወደ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በስተ ምሥራቅ ደግሞ ባካይ ሌክ አለ። ሐይቁ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለቦይ ውኃ ማጠራቀሚያ የተገደበ ነው፤ በኋላ ሰው በኤሌክትሪክ ባቡር እየሄደ የሚዝናናበት ስፍራ ሆነና በዳርቻው የጭፈራ አዳራሾች ተሠሩ። የስዊንግ ዘመን ስመ ጥር ባንዶች በሁለቱም ቦታ ተጫውተዋል። ለአዳራሹ ባለቤት ገጠሩ የሚመች ነበር፤ መሬቱ ርካሽ ነው፣ የሚያማርር ጎረቤት የለም፣ ባቡሩ ወይም መኪናው ሰውን ያመጣል።

ለጥቁር ሙዚቀኛ ግን ያው መንገድ ሌላ ነገር ነበር። በዚሁ በባካይ ሌክ በ1923 ኩ ክሉክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን የጠራው ስብሰባ ወደ 75 ሺህ የሚገመት ሰው እንደ ነበረበት ተጽፏል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጥቁር እንዳይገኝባቸው የሚከለክሉ ትንንሽ ከተሞች በኦሃዮም ነበሩ። ከ1936 እስከ 1966 የታተመው ግሪን ቡክ የተባለው የመንገደኞች መመሪያ ጥቁር መንገደኛ የት ማደር፣ የት መብላት እንደሚችል የሚጠቁም መጽሐፍ ነው፤ የሚያስፈልግ መጽሐፍ መሆኑ ብቻውን የዘመኑን መንገድ ይነግራል። ዘመናዊ ጃዝ ለምን የከተማ፣ ያውም የጥቂት ጎዳናዎች ሙዚቃ ሆኖ አደገ ለሚለው ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች ሁሉ ይህ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። ሌሊት በ8 ሰዓት ተጫውቶ የጨረሰ ሰው በሰላም የሚመለስበት መንገድ ያስፈልገዋል።

በ1950ዎቹ የኮሎምበስ ምሽቶች መለያ ኦርጋን ሆነ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ኦርጋን ሲባል አንድ ሰው ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ ሙሉ ባንድ የሚሆንበትን መሣሪያ ያስታውሳል፤ ሐሳቡም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሐመንድ ቢ-ስሪ የሚባለው ኦርጋን በ1954 የወጣ ሲሆን አንዱ ካንዱ በላይ የተቀመጡ 61 ቁልፍ ያላቸው ሁለት ኪቦርዶች፣ በእግር የሚረገጡ 25 ዘንጎችም አሉት። ቀኝ እጅ ዜማውን፣ ግራ እጅና እግር ባሱን ይሠራሉ። ድምፁ የሚወጣው ሌስሊ ከሚባል ቁም ሣጥን የሚያህል ሳጥን ነው። በሳጥኑ ውስጥ የድምፅ ማጉያ ቀንዶች ይሽከረከራሉ፤ ፍጥነታቸው ሲለወጥ ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ ይርገበገባል። ኦርጋን ካለ ፒያኖም ኮንትራባስም አያስፈልግም፤ ሦስት ሰው የአምስት ሰው ያህል ይሞላል። ለትንሽ መጠጥ ቤት ባለቤት ይህ ትልቅ ነገር ነበር። መሣሪያው ከነመቀመጫውና ከነእግር ዘንጎቹ 190 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የዘመኑ ታላቅ ኦርጋኒስት ጂሚ ስሚዝ ኦርጋኑን ለማጓጓዝ የአስከሬን መኪና እስከ መግዛት ደርሷል። ይህን ያህል የሚከብድ ዕቃ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ አይባልምና ቤቶቹ የራሳቸውን ኦርጋን ገዝተው አንድ ጥግ ተከሉት፤ ኦርጋኑ የተተከለበት ቤት ደግሞ ኦርጋኒስቱ በየሳምንቱ የሚመለስበት ቤት ሆነ። የቋሚ ምሽት ልማድ በከፊል የክብደት ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል።

ሐንክ ማር በ1927 በኮሎምበስ ተወልዶ በዚያው የኖረ ኦርጋኒስት ነው። በ1960ዎቹ በባንዱ ውስጥ ሳክስፎኒስቱ ጆርጅ አዳምስና ጊታሪስቱ ጄምስ ብለድ አልመር ተጫውተዋል፤ ሁለቱም በኋላ በኒው ዮርክ እጅግ ደፋር ከሚባሉ ሙዚቀኞች መካከል የተቆጠሩ ናቸው። ማር ራሱ ከመጠጥ ቤት መድረክ ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጃዝ መምህርነት ተሸጋግሮ በ2004 አረፈ። ሌላው የከተማዋ ልጅ ዶን ፓተርሰን ፒያኖ ተጫዋች ነበር፤ በ1956 ጂሚ ስሚዝን ሰምቶ ፒያኖውን ትቶ ኦርጋን ያዘ።

የቋሚ ምሽት ፍሬ ምን እንደሆነ በግልጽ የሚያሳየው የካሮሊን ክለብ ነው። ሳክስፎኒስቱ ረስቲ ብራያንት በ1950ዎቹ መጀመሪያ የክለቡ የቤት ባንድ መሪ ነበር። እዚያው በታዳሚ ፊት የተቀረጸው «ኦል ናይት ሎንግ» የተባለው ቁራጭ በአገሪቱ ሁሉ ተሸጠ። ናንሲ ዊልሰን የባንዱ ዘፋኝ የሆነችው በ1956 ነው። በ15 ዓመቷ የቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድር ያሸነፈች የኮሎምበስ ተማሪ ነበረች፤ ኮሌጅ ገብታ ትታ የወጣችው ለመዝፈን ነው። ከብራያንት ጋር ሁለት ዓመት ተጉዛ ከሳክስፎኒስቱ ከካነንቦል አደርሊ ጋር ተዋወቀች፤ እርሱም ኒው ዮርክ እንድትሄድ ገፋፋት። ቀጥሎ የመጣውን ዓለም ያውቀዋል፦ ከአደርሊ ጋር የሠራችው አልበም፣ ሦስት ግራሚ፣ በ2004 የአሜሪካ መንግሥት ለጃዝ ሰዎች የሚሰጠው ከፍተኛ ማዕረግ። በ2018 ስታርፍ የ81 ዓመት ሴት ነበረች። እንዲህ ያለ ድምፅ በአንድ ሌሊት አይሠራም። የሚሠራው አንዱን ዘፈን ከአንድ ባንድ ጋር መቶ ጊዜ በመዝፈን፣ ሥራ የሚበዛበት አስተናጋጅ ብርጭቆ እያንኳኳ ሳለ አድማጭን ዝም ማሰኘት በመማር ነው።

ሳክስፎኒስቱ ራህሳን ሮላንድ ከርክ ግን ከሁሉም ይለያል። በ1935 ኮሎምበስ ተወለደ፤ በሕፃንነቱ በተሳሳተ ሕክምና ዓይኑ ጠፋ፤ በኦሃዮ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረ። በ15 ዓመቱ በሳምንቱ መጨረሻ ከሪትም ኤንድ ብሉዝ ባንዶች ጋር ይጓዝ ነበር። ሦስት መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሲነፋ በሕልሙ አየ፤ ሲነቃ ሕልሙን የሚመስል ነገር ፍለጋ ወጣና ከአንድ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ምድር ቤት ሁለት የተረሱ የሳክስፎን ዓይነቶች አገኘ። አንዱን ማንዜሎ፣ ሌላውን ስትሪች አለው። ቁልፎቻቸውን በአንድ እጅ እንዲጫወቱለት እያስተካከለ ከቴነር ሳክስፎኑ ጋር ሦስቱንም በአንገቱ አንጠለጠለ። ሦስቱን አፍ በአንድ አፉ ጎርሶ ሲነፋ ጉንጩ ይወጠራል፣ ግራና ቀኝ እጆቹ በተለያዩ ቱቦዎች ላይ ይሮጣሉ፣ የሚወጣው ድምፅ የሦስት ሰው ነው። እምቢልታ ነፊዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሁለት ድምፅ ይዘው ሦስት ሆነው አንድ ዜማ ሲገጥሙ የሰማ ሰው የከርክን ሥራ ሊገምት ይችላል፤ እርሱ ሦስቱንም ነፊዎች አንድ ደረት ውስጥ አስገባቸው። በአፍንጫው አየር እየሳበ በአፉ ስለሚያወጣ ለደቂቃዎች ሳያቋርጥ ይነፋ ነበር። አንዳንድ ተቺዎች የትርኢት ጨዋታ ነው ብለው አቃለሉት። ፍርዱ ትክክል አልነበረም፤ በ1961 ባስ ተጫዋቹ ቻርልስ ሚንገስ ወደ ባንዱ ያስገባው ለትርኢት አልነበረም፣ በአንዱ ሳክስፎን ብቻ ሲጫወትም ከዘመኑ ታላላቆች አያንስም ነበር። በ1975 የአንጎል ደም ሥር ሕመም ግማሽ አካሉን ሽባ አደረገው። መሣሪያዎቹን እንደገና አስተካክሎ በአንድ እጁ መጫወት ጀመረ። በታኅሣሥ 1977 ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተጫውቶ በማግስቱ አረፈ።

ምሥራቃዊው ሰፈር ግን ከርክ በሕይወት ሳለ ተሰብሮ ነበር። በ1960ዎቹ 71 ቁጥር የፌዴራል አውራ ጎዳና ሰፈሩንና መሃል ከተማውን ለያይቶ አለፈ። ቤቶች ፈረሱ፣ ደንበኛው ተበተነ፣ የዘር ክልከላው ሲነሣ ደግሞ አቅም ያለው ሰው ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሄደ። ሙዚቃ ቤት ያለ ጎረቤት አይኖርም። የሊንከን ቲያትር ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆይቶ ታድሶ የተከፈተው በ2009 ነው፤ ፒቲያን ደግሞ ከ1987 ጀምሮ የኪንግ የጥበብ ማዕከል ሆኗል።

በዚህ መካከል ሙዚቃውን የተሸከሙት ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች ናቸው። አንደኛው ተቋም ነው። የካፒታል ዩኒቨርሲቲ መምህር ሬይ ዩባንክስ በ1973 ጃዝ አርትስ ግሩፕን አቋቋመ። ድርጅቱ የኮሎምበስ ጃዝ ኦርኬስትራን በ1896 በተሠራው ሳውዘርን ቲያትር ያቀርባል፤ በ2002 የጥበብ መሪነቱን የያዘው ትራምፔት ነፊው ባይረን ስትሪፕሊንግ ነበር። የወጣቶች ባንድም አለው። በ1985 የተወለደው ፒያኒስት አሮን ዲል ከዚያ ወጥቶ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ከትራምፔት ነፊው ከዊንተን ማርሳሊስ ጋር አውሮፓን ዞሯል። ሁለተኛው የሰፈር መጠጥ ቤት ነው። ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በስተ ሰሜን፣ በሃይ ስትሪት ላይ ያለው ዲክስ ዴን ከ1960ዎቹ ጀምሮ አለ፤ ጠባብ ነው፣ ወደ ውስጥ የፑል ጠረጴዛ አለው፣ ጃዝም ለአሥርተ ዓመታት ተሰምቶበታል። ከ1980 ጀምሮ በሐምሌ የሚደረገው የጃዝና የጎድን ጥብስ ፌስቲቫል ብዙ ሕዝብ ይሰበስባል። ይሁንና ፌስቲቫል ሙዚቀኛ አያሳድግም፤ ያደገውን ያሳያል። የሚያሳድገው ማክሰኞ ወይም ሰኞ ማታ፣ ጥቂት ሰው ባለበት፣ ተሳስቶ በሳምንቱ የሚያርምበት ቦታ ነው።

ከከተማ በራቀ ቦታ፣ በአንድ የገጠር መንደር አዳራሽ ወይም መጠጥ ቤት፣ እንዲህ ያለውን ምሽት ማቆም ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ በእንግሊዝ መንደሮችም በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞችም ተሠርቶበታል። የአሠራሩ ቁልፍ የቤት ትሪዮ ነው። በአቅራቢያው የሚኖሩ ፒያኖ፣ ኮንትራባስና ድራም ተጫዋቾች ቋሚ ይሆናሉ፤ ከከተማ በየሳምንቱ አንድ እንግዳ ሶሎ ተጫዋች ይጠራል። አብረው ልምምድ ማድረግ አይጠበቅባቸውም፤ በሙያው ያለ ሁሉ በልቡ የሚይዛቸው ብዙ የታወቁ ዜማዎች አሉና እንግዳው የዜማውን ስምና ቁልፉን ተናግሮ እግሩን መታ መታ ካደረገ ጨዋታው ይጀመራል። አዘጋጁ አምስት ሰው ከማጓጓዝ አንድ ሰው ያጓጉዛል። የበሩ ገንዘብ ለሙዚቀኞቹ፣ የመጠጡ ለቤቱ ይሆናል። ምሽቱን የሚገድለው ብዙ ጊዜ የሙዚቃው ጥራት ማነስ አይደለም፤ ቀን ማዛባት ነው። አንድ ሳምንት ተዘግቶ ያገኘው ከሩቅ የመጣ አድማጭ በሚቀጥለው ሳምንት መኪናውን አያስነሣም።

ለአዲስ አበባ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የአሜሪካው የጃዝ ባንድ መሪ ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ ሲመጣ የኢትዮ ጃዝ ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ አብሮት ሠርቷል። ሙላቱ በኋላ በጊዮን ሆቴል አፍሪካን ጃዝ ቪሌጅን ከፈተ። በጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዛምባ የተባለው የጃዝ ቤት በጥር 2015 በእሳት ወደመ፤ የካዛንቺሱ የሙዚቃ ቤት ፈንድቃ ደግሞ በ2024 ከሰፈሩ ጋር ፈረሰ። በኮሎምበስ አውራ ጎዳና፣ በአዲስ አበባ እሳትና ግንባታ ያጠፉት ክፍሉን ነው፤ ሙዚቀኞቹ ሌላ ክፍል ፍለጋ መውጣታቸው አልቀረም።

የሳምንቱ ምሽት ማብቂያ ብዙ ጊዜ ጃም ሴሽን ነው። የቤቱ ባንድ የራሱን ከጨረሰ በኋላ መሣሪያ ይዘው የመጡ ወጣቶች ስማቸውን ያስመዘግባሉ። ደንቡ የታወቀ ነው። የማያውቁትን ዜማ አያስጠሩም፤ ሶሎ አያንዛዙም፤ ሌላው ሲጫወት ከመድረኩ ጎን ቆመው ያዳምጣሉ። ዜማው የት እንደ ደረሰ የጠፋበት ወጣት ዝም ብሎ ኮንትራባሱን ይሰማል፤ ባስ ተጫዋቹ ጠንከር አድርጎ መነሻውን ድምፅ ይመታለታል፣ ድራሙም ሲምባሉን ያሰማለታል። ወጣቱ ያን ይዞ ይገባል።